የጋሽ በየነ ደንብ

ልጅ ሳለሁ፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ በነበረው ቤታችን ቅዳሜ ማታ ማታ አምስት ስድስት ጸሐፊዎች ይሰበሰቡ ነበር። ጸሐፊ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ ከመካከላቸው መጽሐፍ ያሳተመ አንድም አልነበረም። የገዛ ሕይወታቸውን በወረቀት እየጻፉ ያመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ያነባሉ። እኔ ተረት የጠገብኩት ከእነሱ ነው፤ የእነሱ ተረት ጅብና ቀበሮ የለበትም፤ ባለታሪኩ ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን ፉት ይል ነበር።

ሰፈሩ ግን በእናቴ ይስቅባት ነበር። እናቴና አባቴ ተፋትተዋል፤ አባቴ ሌላ አግብቶ ጦር ኃይሎች አካባቢ ይኖራል፤ ሆኖም አብረው ከመሠረቱት ማኅበር ቅዳሜን ቀርቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ አዲሷን ሚስቱን አልማዝን ወደ ማኅበሩ የጋበዘቻት እናቴ ራሷ ነበረች፤ አጻጻፏን ወዳላት። ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ «ጣውንቷን ሻይ የምታጠጣ ሴት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» ይሉ ነበር። እኔን ጉዱ አላሳፈረኝም። አባቴን የማየው በዚያ ማኅበር ብቻ ስለነበር፣ እንዳይፈርስ ለመድኃኔዓለም ጧፍ ሁሉ ተስያለሁ።

ደንቡን ያወጡት የሁሉም ታላቅ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጋሽ በየነ ነበሩ። ማንም የጻፈውን ራሱ አያነብም። «ሰው የራሱን ሲያነብ በድምፁ ይዋሻል» ይሉ ነበር። ወረቀቱን ሰብስበው መልሰው ያድሉታል፤ አንባቢው ሲጨርስ «የቀረ አለ?» ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም ከታሪኩ የጎደለውን ይናገራል። የአባቴን ወረቀት ለእናቴ፣ የእናቴንም ለአባቴ ሰጥተው አያውቁም። ብልህ ሰው ነበሩ።

አንድ የክረምት ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ኩራዝ ለኮሰች፤ ቤቱ ላምባ ላምባ ሸተተ፤ ጋሽ በየነም በዚያ ጭላንጭል መነጽራቸውን እየጠረጉ ሲያድሉ ወረቀቱ ተምታታባቸው። እናቴ የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበበች የማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አባቴ ከቤት የወጣበትን ቀን ነበር የጻፈው።

«ወይኔ፣ የእኔ ጥፋት ነው፤ አምጪው» አሉ ጋሽ በየነ እጃቸውን ዘርግተው።

«ይተዉት ጋሽዬ፣ ደንብ ደንብ ነው» አለች እናቴ።

አነበበች። አንድ ቃል አልዘለለችም፤ ጭቅጭቃቸውን፣ የእሷን ቁጣ፣ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ማጨቁን። እኔ የምድጃውን ፍም እያየሁ፣ አሁን ትጮኻለች፣ አሁን እሱ በሩን ወርውሮ ይወጣል፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ የለም እያልኩ እጠብቅ ነበር። መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «በማለዳ ወጣሁ። ልጄ ተኝታ ነበር። ማንም አልሸኘኝም።»

«የቀረ… አለ?» አሉ ጋሽ በየነ ፈራ ተባ እያሉ።

«አለ እንጂ።» እናቴ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኑራ ወደ አባቴ ዞረች። «ልጅህ አልተኛችም ነበር። እስከ ታክሲው ድረስ ከኋላህ ሄዳለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ።»

ያን ጠዋት አጥር አጥሩን ይዤ አባቴን መከተሌን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሚኒባሱ ሲሄድ ሮጬ ተመልሼ ብርድ ልብሴ ውስጥ ስገባ እናቴ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ በየት አቋርጣ እንደቀደመችኝ ዛሬም አላውቅም።

ከሁሉም ቀድማ ያለቀሰችው አልማዝ ናት። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ የመጨረሻዋን መስመር ሰረዛት፤ ከዚያ እኔን ያን የምታህል ልጅ ጎትቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱም አልማዝም ከሁሉ ቀድመው መጡ።

ወላጆቼ አልታረቁም፤ ማኅበሩ ግን ጋሽ በየነ እስኪሞቱ ዘለቀ። ዛሬ እኔም እጽፋለሁ፤ «ማንም አልነበረም» ልል ስል ግን ብዕሬ ይያዝብኛል። ያኔ፣ ታክሲው ዓይኔ እያየ ሲርቅ፣ በዓለም ላይ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ አምርሬ አልቅሻለሁ። ዞር ብል ኖሮ እናቴን አያት ነበር።