የታጠበው ባቄላ

አባቴ ቃላቸውን አያጥፉም። «ዩኒቨርሲቲው ረዳት አድርጎ ካስቀረሽ ጥሩ፤ ካላስቀረሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብለውኛል። መርካቶ ያለው ሱቃችን አቡጀዲ ጣቃ በጣቃ የተደረደረበት ጨለም ያለ ክፍል ነው። ዕድሜዬን እዚያ እንደምጨርስ ሳስበው ያንቀኝ ነበር።

ለረዳትነቱ የቀረነው እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ነን። የባዮሎጂ አስተማሪያችን በባቄላ ሥር ጫፍ ላይ ያሉ ሴሎች አንድ ላይ ሲከፋፈሉ በማይክሮስኮፕ እንድናሳያቸው አዘዙን፤ የተሳካለት ይቀራል። ሴሎች በራሳቸው ፈቃድ ይህን አያደርጉም። እንደ መርካቶ ነጋዴ ናቸው፤ አንዱ ሱቁን ሲከፍት ሌላው ገና ቁርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሥሩ መከፋፈልን የሚገታ መድኃኒት ባለበት ውሃ ይነከራል፤ ሴሎቹም እየደረሱ አንድ ደረጃ ላይ ይቆማሉ። መድኃኒቱ ሲታጠብላቸው አብረው ይነሳሉ፤ ከሰዓታት በኋላም አብረው ይከፋፈላሉ። ጣጣው ያለው የሚታጠብበት ሰዓት ላይ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ላቦራቶሪው ዝግ ስለሆነ ባቄላዬን ቤት አበቀልኩ። ቅዳሜ ማታ መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩና ሳህኑን አልጋዬ ሥር አስገባሁ። ከወሎ መጥተው ያሳደጉኝን አክስቴን «እትዬ፣ ይኼ መርዝ ነው፤ አይበላም» አልኳቸው። በቆልት ሲያዩ አያስችላቸውም፤ ፈራሁላቸው። እሑድ ልተኛ ስል አጠብኩት። ሴሎቹ ሰኞ ረፋድ ላይ እንዲደርሱልኝ ሰዓቱን ደጋግሜ አስልቻለሁ።

በማለዳ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሰው ይጋፋ ነበር፤ ሳህኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ አለፍኩ።

ላቦራቶሪ ገብቼ የሥሩን ጫፍ ቆረጥኩ፤ ቀለም አስነክቼ በመስታወት ጨፍልቄ አየሁ። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ሴል ሊጨርስ ሲል አገኘሁ። የቀረው ተከፋፍሎ ጨርሶ ጥንድ ጥንዱን ተቀምጧል። ሌላ ጫፍ ቆረጥኩ፤ ያው ነው። አስተማሪው ጎንበስ ብለው አዩና «ቀድመሽ አጥበሻል፤ አልፎሻል» አሉኝ። ልድገመው እንዳልል መድኃኒቱ አልቋል፤ ሌላ የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። በክፍሌ ልጅ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

ቤት ገብቼ ጮህኩ። «ሳህኔን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አክስቴ፣ ምስጋና እየጠበቁ። «ትናንት ከሰዓት፣ ለአስር ሶላት ውዱ ላደርግ መታጠቢያ ሳህን ስፈልግ አልጋሽ ሥር አየሁት። በቆልት ውሃው ካልተለወጠለት ይሸታል እኮ! እጄን ለሶላት እንደማጥበው ሦስቴ አለቅልቄ ንጹሕ ውሃ ሞላሁልሽ።»

«መርዝ ነው አላልኩዎትም?»

«ወላሂ አልቀመስኩትም! አይበላም አልሽ እንጂ አይታጠብም መች አልሽ?»

እኚህ ሴትዮ ላይ ምን ብዬ ልጩህ? «አበላሸሁብሽ እንዴ?» ሲሉኝ «ኧረ የለም» አልኩና ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ረዳትነቱን የክፍሌ ልጅ ወሰደው። አባቴም ቃላቸውን አላጠፉም፤ የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ። አቡጀዲ እየለካሁ ያንን ሰዓት መልሼ መላልሼ አሰላሁት። አክስቴ ካጠቡበት ሲቆጠር ሴሎቼ የተከፋፈሉት ሰኞ በማለዳ ነው። ሁሉም፣ አንድ ላይ፣ ልክ እንደተመኘሁት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ በፎጣ እንደተጠቀለሉ፣ ደረቴ ላይ አቅፌያቸው ሰው እንዳይገፋብኝ ስከላከል።