የሃያው ዴስክ ዝርዝር

አምቦ ሒሳብ ሳስተምር ገና ልጅ እግር ነበርኩ፤ ትምህርቱን ከኑሮ ጋር ካላገናኘሁት ያስተማርኩ አይመስለኝም። ይህ ልማዴ ተማሪዎቼን ሊያስጨርስብኝ ነበር።

ፕሮባቢሊቲ ላይ ደርሰናል። ሁለት ነገሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆነ ዕድላቸው ይባዛል፤ ይህንን በሳንቲም ማሳየት ሰለቸኝ። ተማሪዎቼ አርባ ናቸው፤ በሃያ ዴስክ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ተመራርጠው ነው የሚቀመጡት። «ጠባይ ጠባይን ይስባል ወይስ እንዲሁ በዕድል ነው?» ብዬ እያንዳንዱን ራሱን ደፋር ወይም ዝምተኛ ብሎ በቁራጭ ወረቀት እንዲጽፍ አደረግኩ። ከጌዶ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለች ታደነቁረኛለች። ደፋር ብላ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ግማሹ ክፍል ደፋር ሆነ። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነው፤ አቀማመጡ በዕድል ቢሆን አምስት ዴስክ ላይ ብቻ ነበር ሁለት ደፋር የሚገኘው። ስምንት ሆነ! ደስ ብሎኝ ስማቸውን ከነጠባያቸው ጥንድ ጥንድ አድርጌ ገለበጥኩና ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ቅዳሜ ጧት አሰሳ መጣ። የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ወረቀቱን ከደብተሬ መሐል መዘዘው። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወጣት በየሰፈሩ በሚታደንበት ሰሞን ሁለት ሁለት ስም ጽፌ ከጎኑ «ደፋር» ብያለሁ። ለሚያየው የኅቡዕ ሕዋስ ዝርዝር ነው።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ መምህርት?»

«ሒሳብ ነው ጓድ።»

«ሒሳብ ቁጥር አይደል እንዴ? እኔ የማየው ሰው ነው።» አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሑድን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሄጄ እንዳልነግራቸው፣ ቤታቸው ስገባ ከታየሁ ጭራሽ ላስበላቸው ነው። የሃያውን ደፋር ስም በልቤ እየደጋገምኩ ተቀመጥኩ።

ሰኞ አርባውም መጥተዋል። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ሰውየው ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ፤ ወረቀቴ በእጁ ነው።

«ትምህርት ከሆነ አሁን እዚሁ ይሠራ» አለ።

ልጆቹ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። በዓይኔ ምልክት ልሰጣቸው ፈልጌ ፈራሁ። እንደገና ቁራጭ አደልኩ፤ ሰበሰብኩና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ዝምተኛ። ዝምተኛ። ዝምተኛ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የጌዶዋ ልጅ ቁራጭ ደረሰኝ፤ ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ። ዝምተኛ። አርባውም ዝምተኛ ሆነ።

«እሺ፣ ሒሳቡስ?»

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፤ ሁሉም ዝምተኛ ስለሆነ ዕድሉ አንድ፤ አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ። ቀመሩ ልክክ አለ፤ በቀመሩ መሠረት እያንዳንዱ ልጅ ከጎኑ ካለው ነጻ ነው።

«ጎበዞች» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለውና ወጣ።

ትምህርቱን ለመቀጠል አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቅኩ። የጌዶዋ ልጅ ደብተሯን ታያለች። ጠበቅኳት። እጇን አላወጣችም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አላወጣችም።