ባለ ሰማያዊ ክሮቹ አሥራ አንድ እንቁራሪቶች

በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ በስተግራ ባለው ረጅም ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሺህ ያህል እንቁራሪቶች በአልኮል ተነክረው ይኖራሉ። «ይኖራሉ» የሚለው ቃል የክፍሉ ሠራተኛ የጋሽ ብልቃጥ ነው። እንግዳ መጥቶ «እነዚህ የሞቱት እንቁራሪቶች…» ብሎ ሲጀምር ከሰሙ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ «የሞተ የሚባለውስ ጠያቂ ያጣ ነው፤ እነዚህን በየወሩ የሚጠይቃቸው አላቸው» ይላሉ። ጠያቂያቸውም እሳቸው ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ ቁጥር፣ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞሩ ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ፤ የጎደለውን አልኮል ይሞላሉ፤ የደረቀውን የክዳን ጎማ ይለውጣሉ፤ ጠርሙሱን በጨርቅ ወልውለው ወደ ቦታው ይመልሳሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር።

ሥራው ሽታውን ሰጥቷቸዋል። በአውቶቡስ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ፣ «ኧረ ገና በጠዋቱ!» በሚል ዐይን ይታዘባቸዋል። በዕድሜያቸው አንዲት መለኪያ ቀምሰው አያውቁም። ባለቤታቸው ግን በዚህ መቀለድ አይሰለቻቸውም። «የሰው ባል ጠጥቶ ይሸታል፤ የእኔው ሳይጠጣ ይሸታል። ኪሳራው ለእኔ ነው» ይላሉ።

ጋሽ ብልቃጥን ወደዚያ ክፍል ያስገቧቸው፣ በቤተ መዘክሩ ሁሉም «መምህሩ» የሚሏቸው የእንቁራሪት ሊቅ ነበሩ። መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃንጥላቸውን በፀሐይም በዝናብም የማይለዩ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰጡት በየተራራው ጫካ፣ በወደቀ ቅጠል ሥር ለሚኖሩ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ለማይበልጡ ቡናማ እንቁራሪቶች ነው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው እስከ ዛሬ በጋሽ ብልቃጥ ጆሮ አለ።

«ስማ፣ ልጄ። ድሮ፣ ሰው የሚባል ፍጥረት ገና ሳይታይ፣ ጫካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነበር። የእነዚህም አያት አንዲት ነበረች። ከዚያ ዝናቡ ራቀ። ቆላው ደረቀ። ጫካው ወደ ተራራ ሸሸ፤ እንቁራሪቷም ጥላውን ተከትላ ወጣች። ደረቁ ሜዳ ለእሷ ባሕር ማለት ነው፤ ልትሻገረው አትችልም። እህትማማቾቹ በየተራራቸው ቀሩ። ሳይጠያየቁ ስንት ሺህ ትውልድ! የአንዷ ድምፅ ቀጠነ፤ የአንዷ ጣት ሰፋ። አንዷማ እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ መጣል ትታ ቅጠል ሥር ታስቀምጥ ጀመር፤ ልጇም ባለ ጭራ ሆና ውሃ ውስጥ ሳትዋኝ፣ እዚያው እንቁላሏ ውስጥ እግር አውጥታ፣ ትንሽ እንቁራሪት ሆና ወጣች። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ምን ገባህ?»

«ዘመድ ካልተጠያየቀ ይለያያል።»

መምህሩ ሳቁ። «ከእኔ አሳጥረህ ተናገርከው!»

ለየተራራው የራሱ እንቁራሪት አለው፤ የመምህሩ የዕድሜ ልክ ሐሳብ ይህ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ቀጥሎ ደግሞ ለየዛፉ ይሉናል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በተለይ የምሥራቁ ተራራና የምዕራቡ ተራራ እንቁራሪቶች መልካቸው ቁርጥ አንድ ስለሆነ ብዙዎች አንድ ወገን ናቸው ይሉ ነበር። መምህሩ ግን ጆሯቸውን ያምኑ ነበር። የምሥራቋ «ጢክ፣ ጢክ» ትላለች፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት። የምዕራቧ «ጢርርር» ብላ ትጎትተዋለች። ችግሩ፣ አልኮል ውስጥ ሁሉም ዝም ይላሉ።

«ስለዚህ» ይሉ ነበር መምህሩ፣ «የእንቁራሪቷ ድምፅ እግሯ ላይ የታሰረችው፣ ተራራዋ የተጻፈባት ወረቀት ናት። ወረቀቷ ከጠፋች እንቁራሪቷ ዲዳ ሆነች ማለት ነው።»

በዚያ ክፍል ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው፣ ወረቀት የሚታሰረው በነጭ የጥጥ ክር ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የተሳሳተ ወረቀት እንኳ ቢገኝ አይቀደድም፤ ትክክለኛው ተጽፎ አጠገቡ ይታሰራል። «ስህተቱም የመንገዱ ታሪክ ነው» ይሉ ነበር መምህሩ። ጋሽ ብልቃጥ ሁለተኛውን ሕግ አንድም ቀን ጥሰው አያውቁም። የመጀመሪያውን ግን ጥሰዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ገና የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ነው። ከመምህሩ ጋር ሁለቱን ተራሮች ለአንድ ወር ሲያስሱ፣ በምሥራቁ ተራራ የመጨረሻ ቀን ነጩ ክር አለቀ። ጋሽ ብልቃጥ ብልህ የሆኑ መስሏቸው፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ናይለን ክር ለምነው በእሱ አሰሩ። በምዕራቡም ተራራ፣ ነጭ ክር እስኪገዛ ድረስ፣ በዚያው ቀጠሉ።

ሲመለሱ መምህሩ በትኩሳት አልጋ ያዙ። እንቁራሪቶቹን አጥቦ ወደየጠርሙሳቸው ማስገባት የጋሽ ብልቃጥ ሥራ ሆነ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። በአሥር ሰዓት ደግሞ ከልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ትጠብቃቸዋለች። አንድ ወር ሙሉ አላዩዋትም። የመምህሩ ልማድ የእያንዳንዱን ተራራ በየራሱ ሳህን ማጠብ ነበር። ጋሽ ብልቃጥ ሰዓታቸውን አዩና የሁለቱን ተራራ እንቁራሪቶች በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ገለበጧቸው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ናይለን ያንሸራትታል፤ ቋጠሮ አይዝም። ውሃው ሲረጋ፣ በሳህኑ ግርጌ አሥራ አንድ ወረቀቶች ተነጥፈው፣ አሥራ አንድ እንቁራሪቶች እግራቸው ባዶ ሆኖ አዩ። አምስቱ ወረቀት «ምሥራቅ» ይላል። ስድስቱ «ምዕራብ» ይላል። የትኛው የማን ነው?

እንቁራሪቶቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩ፤ አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አዩ። ከጉሮሯቸው ሥር ያለችው እጥፋት አንዳንዷ ላይ ጠለቅ ያለች መሰላቸው። በዚያች እጥፋት ለዩአቸው። ነጭ ክር ፍለጋ መሳቢያውን ሲከፍቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ መምህሩ ዘንድ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ግን ልብስ ሰፊዋ «ይህን የመሰለ ፈልግልኝ» ብላ ለናሙና የሰጠቻቸው ሰማያዊ ክር ነበር። አሥራ አንዱንም በእሱ አሰሩ።

መምህሩ ከሳምንት በኋላ ድነው ሲመጡ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱ። «ምነው፣ ይህ ክር ሰማያዊ ሆነሳ?»

«ነጩ አልቆ ነው፣ ጋሼ።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። «ሁለተኛ እንዳይለመድህ፤ ቀለም ይለቃል» ብለው አለፉት መምህሩ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ብልቃጥ ለመናገር ያልሞከሩበት ዓመት የለም። ግን መምህሩ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ «እኔ በዚህ ልጅ ወረቀት እምላለሁ» ሲሉ ነገሩን ለሌላ ቀን ያስተላልፉታል። በዘጠነኛው ዓመት መምህሩ አረፉ፤ ነገሩም የሆድ ውስጥ ነገር ሆኖ ቀረ። ክሩ አልኮሉ ውስጥ ቀለሙን ለቆ አመድ መሰለ። ከነጮቹ መለየት የሚችል ዐይን አንድ ብቻ ቀረ።

ጡረታ ሊወጡ አሥር ቀን ሲቀራቸው ነው ተመራማሪዋ እየሮጠች ወደ ምድር ቤቱ የወረደችው። ወጣት ናት፤ እንቁራሪቶቹን ከሥጋቸው ቅንጣት ወስዳ በዘረ መል ስትመረምር ሁለት ዓመቷ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ ብልቃጥ! ጉድ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ልጄ፤ ወለሉ እርጥብ ነው።»

«የምሥራቁና የምዕራቡ በእርግጥ ሁለት ወገን ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ ልክ ነበሩ። ግን በምዕራቡ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት የምሥራቅ አሉ፤ በምሥራቁ ውስጥም ሁለት የምዕራብ! አብረው ነበር የሚኖሩት ማለት ነው። ተራራ አልለያቸውም። የእሳቸው ትልቁ ሐሳብ…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፈረሰ፣ ጋሼ። ይቅርታ፤ እንደሚወዷቸው አውቃለሁ። ዓርብ ጽሑፌን እልካለሁ።»

«ተራራው ላይ ወጥተሽ ብታዳምጪስ?»

«የምሥራቁ ጫካ ተመንጥሮ የለ? ካለቀ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ያለን ምስክር ይህ ጠርሙስ ብቻ ነው።» ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ደግነቱ ወረቀቱ የእርስዎ ነው። ሌላ ሰው ያሰረው ቢሆን ተቀላቅሎ ነው እል ነበር። የመሸኛዎ ካርድ ላይ ምን እንዳጻፍን ያውቃሉ? ‹አንዲት ወረቀት ያልጠፋበት እጅ›።»

ጋሽ ብልቃጥ የያዙትን ክዳን ገጥመው ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሱ።

ያን ዕለት ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው፣ ያቺ የድሮዋ ልብስ ሰፊ፣ የመጋረጃ ጠርዝ ይሰፉ ነበር። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ባላቸውን አዩ።

«ምን ሆነሃል፣ አንተ ሰውዬ? እንቁራሪት ዋጥክ?»

ጋሽ ብልቃጥ ተቀመጡ፤ ከነናይለኑ፣ ከነሳህኑ፣ ከነሰማያዊ ክሩ ሁሉንም ተናገሩ። ባለቤታቸው መርፌያቸውን መጋረጃው ላይ ሰክተው ሰሙ። ባላቸው ሲጨርሱ ግን ቱግ አሉ።

«አውቶቡስ ተበላሸ ብለኸኝ ነበር!»

«እ?»

«ያን ቅዳሜ! አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ገትረኸኝ፣ አውቶቡስ ተበላሸ አልክ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን አውቶቡስ ስረግም ኖርኩ!»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው የቸኮልኩት…»

«ጭራሽ! የእንቁራሪቱ ዕዳ በእኔ ሊሆን ነው?» ብለው ብድግ አሉ። የልብስ ቁልፍ መያዣ ቆርቆሯቸውን አውርደው ሲያተራምሱ ቆዩና፣ ከቁልፎቹ ሥር ትንሽ ካርቶን አወጡ። ሁለት ክንድ የማትሞላ ሰማያዊ ክር ተጠቅልላበታለች። «ናሙናዬን በልተህ ይህችን መለስክልኝ። ተናድጄ ነው ያስቀመጥኳት፤ አንድ ቀን ላሳይህ።» ካርቶኑን በእጃቸው አስያዟቸው። ድምፃቸው ለስለስ አለ። «መምህሩ በሠርጋችን ቀን ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ይህ ልጅ እጁ ታማኝ ነው› ነው ያሉኝ። ሰውዬው ስለ አንተ መስክረው ሞቱ። አሁን ደግሞ ተራው የአንተ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ብልቃጥ ሁለቱን ጠርሙሶች ወደ መስኮቱ ወሰዱ፤ ተመራማሪዋን አስጠሩ። በወረንጦ አንድ በአንድ እያወጡ በነጭ ጨርቅ ላይ አሥራ አንዱን ደረደሩ። ሰማያዊውን ክር አጠገባቸው አስቀመጡ።

«የእነዚህ ወረቀት ወልቆ ነበር። መልሼ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በግምት። አንቺ ያገኘሻቸው አራቱ ከእነዚህ ውጭ ከሆኑ መምህሩ ተሳስተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከሆኑ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ተመራማሪዋ ወደ ጨርቁ ቀረበች። አጉሊ መነጽሩን አንስታ ክሮቹን አየች፤ ፈትሉ ሦስት ድርብ ነው፤ የካርቶኑም ሦስት ድርብ ነው። ነጮቹ ሁለት ድርብ ናቸው። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ ቁጥሮቹን ከወረቀቶቹ ጋር አስተያየች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አራቱም ከአሥራ አንዱ ውስጥ ነበሩ።

«ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ወር ለፍቻለሁ፣ ጋሼ» አለች። ፊቷ ቀልቷል። «ትናንትናስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ትናንትና ፈራሁ። ከትናንትና በስቲያም ፈርቼ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈርቻለሁ።»

መዝገቧን አጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለች።

«ቆይ እስቲ… አራቱ ከተሳሳቱ ሰባቱ ልክ ናቸው። በምን ለዩአቸው? እኔ ያለ መሣሪያ አንዷንም ከአንዷ አልለይም።»

«በዚህች» አሉ ጋሽ ብልቃጥ፣ በወረንጦው ጫፍ የአንዷን ጉሮሮ እያመለከቱ። «የምሥራቋ ድምፅዋን ስትቆርጥ ቆዳዋ እዚህ ጋ የሚታጠፍ መሰለኝ። ግን ያን ቀን ቸኩዬ ነበር።»

ተመራማሪዋ አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ አየች። ደግማ አየች። ንዴቷ ሳይለቃት፣ «ይህን መምህሩም አልጻፉትም» አለች። «ዓርብ የሚላክ ጽሑፍ የለም። እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ ከዚህች እጥፋት። ወረቀቶቹ ‹በማይታወቅ ምክንያት› ተቀላቅለው ነበር ብዬ ልጽፈው እችላለሁ፤ ስምዎ ሳይነሳ።»

«ምክንያቱማ ይታወቃል» አሉ ጋሽ ብልቃጥ። «ካርዱንም አስተካክሉት።»

ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ለአሥራ አንዱም በየተራ፣ የድሮውን ወረቀት ሳይነኩ፣ በትናንሽ ፊደላት አዲስ ጻፉ፦ «አጠገቡ ያለው ወረቀት ወልቆ በግምት ተመልሶ ታስሯል። ያሰረው የክፍሉ ሠራተኛ ነው።» ከሥሩም በዚያ ክፍል ጽፈውት የማያውቁትን እውነተኛ ስማቸውን አሰፈሩ። ተመራማሪዋ አነበበችውና፣ «ለካ ስምዎ ይህ ነው!» አለች፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ብላ።

መሳቢያው አልተቆለፈም። ነጩን የጥጥ ክር አወጡ። በእያንዳንዷ ቀጭን እግር ላይ፣ ከአመድማው ክር ጎን፣ ሁለቴ እየቋጠሩ አሰሩ። ሥራው ጠዋቱን ሙሉ ወሰደባቸው። ጣታቸው አልፈጠነም፤ ሰዓታቸውንም አንዴ እንኳ አላዩም።