አቶ መብርሃቶምና የአሜሪካ ኳስ

አቶ መብርሃቶም አርሰናልን የተዉት በሐኪም ትእዛዝ ነው። የቤተሰብ ሐኪማቸው የደም ግፊታቸውን ለክታ፣ "የሚያናድድዎትን ነገር ይቀንሱ" አለቻቸው። ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታቸው ገብተው አሰቡበት። ባለቤታቸውን ኣብሪሃትን መቀነስ አይቻልም። የቤት ኪራዩን መቀነስ ቤቱን የሚያከራየው የካውንስሉ እንጂ የእሳቸው ሥልጣን አይደለም። የቀረው አርሰናል ነበር።

እርግጥ ሌላም ምክንያት ነበረ። ሰቨን ሲስተርስ፣ ኂሩት ካፌ ውስጥ፣ የቶተንሃም ደጋፊ ከሆነው ከክብሮም ጋር ተኮራርፈዋል። ሁለቱም የአስመራ ልጆች ናቸው፤ አዲስ አበባ አብረው ስለተማሩ ግን ኳስ የሚከራከሩት በአማርኛ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖረው ባለፈው መኸር በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ተጣሉ። ክብሮም፣ "ዳኛውን ተወውና ዓይንህን አስመርምር" አለ። አቶ መብርሃቶም የዓይን ሞራቸውን ገና በቅርቡ አስገፍፈው ስለነበር ነገሩ ከኳስ አለፈባቸው። ካፌውን ከነሻዩ እርግፍ አድርገው ተዉት።

ኳስን ጨርሶ መተው ግን አልሆነላቸውም። የማያናድድ ኳስ ያፈላልጉ ጀመር። መፍትሔ ያመጣችው ለንደን ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሎዛ ናት።

"አባዬ፣ የአሜሪካን ሊግ ትራይ አድርግ" አለች፣ ስልካቸው ላይ አፑን እየጫነች። "እዚህ ማንም ኬር አያደርግም፤ ግድ የሚሰጠው የለም።"

አቶ መብርሃቶም ሊጉን ሲያጠኑት በጤና ባለሙያ የተሠራ መሰላቸው። መጨረሻ የወጣ ቡድን እንኳ ወደ ታች አይወርድም፤ በሚቀጥለው ዓመት ምንም እንዳልተፈጠረ ፀጉሩን አበጥሮ ይመለሳል። ጨዋታው የሚካሄደው እሳቸው ተኝተው ሳለ ነው፤ ጠዋት ውጤቱን ማየት ብቻ። "ሌክ ሲቲ" የተባለውን ቡድን መረጡ። ማሊያው ሆስፒታል የሚያስታውስ ፈዛዛ ሰማያዊ ሲሆን፣ በሰንጠረዡም መሃል ላይ ተቀምጦ ወደ ላይም ወደ ታችም ለማለት የማይቸኩል ሰላማዊ ቡድን ነበር።

በዚያው ሰሞን ክሊኒኩ ግፊታቸውን ለአንድ ሳምንት ቤታቸው እንዲለኩ መሣሪያ ሰጣቸው። ሌክ ሲቲም በዚያው ሳምንት ሦስት ጨዋታ ነበረበት።

እሑድ ጠዋት ሲያዩ ተሸንፏል። "ኬር አላደርግም" ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያ ጎሉ እንዴት እንደገባ ብቻ ልይ ብለው ስልኩን ከፈቱ። በረኛው ኳሷን በገዛ እጁ ለባላጋራ አጥቂ አቀብሏል።

"ይሄ አሁን በረኛ ነው?" አሉ።

"ማን?" አለች ኣብሪሃት።

"ተዪው፤ እኛን አይመለከተንም።"

ምሳ ላይ እንደገና አነሱት።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ቡድኑ ሲመራ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት ጎል ገብቶበት አቻ ወጥቷል። ሎዛ ስትደውል ድምፃቸው ደስ አላላትም።

"ምን ሆነሃል አባዬ?"

"ወቅታዊ አቋማችን አሳስቦኛል።"

"የማን አቋም?"

"የእኛ። ሌክ ሲቲ።"

በዚያ ቀን አሠልጣኙ እንዲባረር ወሰኑ፤ ውሳኔውን ከፊንስበሪ ፓርክ የሚያስፈጽምላቸው ግን አልተገኘም።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት፣ ሌክ ሲቲ አራት ለአንድ አሸንፎ አደረ። አቶ መብርሃቶም በፒጃማቸው ብድግ አሉ። ኣብሪሃት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሎዛ ስልክ አላነሳችም። መስኮቱን ከፍተው ቁልቁል አዩ፤ ፌርማታው ላይ ከቆሙት ውስጥ የአራት ለአንድን ትርጉም የሚረዳ አንድም ሰው አልታያቸውም። መስኮቱን ዘግተው ብቻቸውን ተቀመጡ፤ መሣሪያውንም ክንዳቸው ላይ አጠለቁ።

ማክሰኞ ዕለት፣ አማርኛ የምትናገረው ነርስ ጫልቱ የመሣሪያውን ውጤት ስታይ ግንባሯን ቋጠረች።

"እሑድ ጠዋት ምን አጋጥሞዎት ነው? ከሁሉም ከፍተኛው የዚያ ቀን ነው።"

"አሸንፈን ነው።"

"ፍርድ ቤት ነበረዎት?"

"ኳስ ነው። የአሜሪካ።"

ጫልቱ ቁጥሮቹን እንደገና አየች። "ሲሸነፉ ይሻልዎት ነበር ማለት ነው?"

"ሲሸነፉ ብቻዬን እናደዳለሁ፤ እሱ ይቻላል" አሉ አቶ መብርሃቶም። "ሲያሸንፉ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።"

ጫልቱ መጻፏን አቆመች። "ድሮ ለማን ነበር የሚነግሩት?"

"ለክብሮም።"

"እሱም የእርስዎን ቡድን ይደግፋል?"

"ኧረ የቶተንሃም ነው። እሱን ለማሳረር ነበር የምነግረው።"

ነርሷ የግፊት መድኃኒታቸውን አልጨመረችም። "እንደገና እንለካለን፤ እስከዚያ ብቻዎን ኳስ አይዩ" ብላ አሰናበተቻቸው።

አቶ መብርሃቶም የሐኪም ቃል አይጥሱም። ከክሊኒኩ በቀጥታ አውቶቡስ ይዘው ሰቨን ሲስተርስ ወረዱ። ክብሮም ካፌው ጥግ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ኮቱን አስቀምጧል። ሲያያቸው ኮቱን አነሳ። እሳቸውም ሰላም ሳይሉ ተቀመጡ።

"አራት ለአንድ" አሉ።

"ማን ማንን?"

ሁሉንም ነገሩት፤ ሽንፈቱን፣ አቻውን፣ ድሉን። ክብሮም ሻዩን እያማሰለ አዳመጠ።

"ባላንጣችሁ ማነው?" አለ በመጨረሻ።

"ፖርት ሃርቦር የሚባል አለ። ለምን ጠየቅከኝ?"

"ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ቡድን ነው።"

"የት እንዳለ እንኳ አታውቅም።"

"ካንተ ቡድን ተቃራኒ ከሆነ ይበቃኛል። ደግሞ አራት ያገባችሁት ደካማ ቡድን ላይ ነው።"

አቶ መብርሃቶም ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። አንዱ አጫጭር ቅንጫቢ ብቻ ባየው፣ ሌላው ስሙን ዛሬ በሰማው ሊግ ላይ ተሟገቱ። የካፌው ባለቤት ኂሩት ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ሁለት ጊዜ ለምናቸው፣ በሦስተኛው ተስፋ ቆርጣ ሻይ ጨመረችላቸው።

በቀጣዩ የጨዋታ ማግስት፣ ኣብሪሃት ገና ቁርስ ስታቀርብ ስልኩ ጮኸ።

"ሁለት ለዜሮ ተሸንፋችኋል" አለ ክብሮም፣ ሳይሰናበትም ዘጋው።

አቶ መብርሃቶም ኮታቸውን ፈለጉ።