የሹፌሩ ስልክ ሲበራ

በግድግዳ የምትጎራበተኝ ሴት ሥራዋ ጽሕፈት ነው። መሥሪያ ቤቶች ስብሰባቸውን በድምፅ ቀድተው ይልኩላታል፤ እሷም ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ጽፋ ትመልስላቸዋለች። ሰፈርተኛው «ጸሐፊዋ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። የምትጽፍበትን ጠረጴዛ የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን የበላው የእንጨት ሥራ ነውና። አንዱ እግሩ ሲያጥርባት ወረቀት አጥፋ ከሥሩ አስገባችበት እንጂ «አጥሯል» ብላኝ አታውቅም። ጠባይዋን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት ሹፌር ነበር። ሳቂታ፣ ቁመተ ረጅም፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የሚረሳ ሰው። ባለፈው የዝናብ ወራት መኪናው ገደል ገባ፤ እሱን ወንዝ ወሰደው። አስከሬኑ ቆይቶ ተገኘና በተዘጋ ሣጥን መጣ። «አትክፈቱት» ተባለ፤ አልተከፈተም። እናቱ ሣጥኑን በእጇ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ቀና ብላ «ልጄ እዚህ ውስጥ የለም» አለች። ሐዘን ያናገራት መስሎን ደግፈን ወሰድናት።

ስልኩ ግን ከወንዙ ተርፏል። መኪናው ሲገለበጥ በመስኮት ተወርውሮ ሣር ላይ ወድቆ ነበር። ያገኙት ሰዎች በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ለሚስቱ ሰጧት። መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ባትሪው አልቆለታል፤ ከተሰካበት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። ኢንተርኔት ያለ ገመድ ማካፈሉንም ትቷል። ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ሲያያዝ ግን ይሠራል፦ ላፕቶፑ ለስልኩ ኃይል ይሰጠዋል፣ ስልኩ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት ይሰጠዋል። እሷ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ስለሆነ፣ የጻፈችውን የምትልክበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

የስልኩን መክፈቻ ባሏ ነግሯት አያውቅም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ስታየው፣ የጣቱ ወዝ መስተዋቱ ላይ የተመላለሰበት መስመር ታያት። በዚያው መስመር ላይ ጣቷን አስኬደች፤ ተከፈተ። ይህን ስትነግረኝ እጇን በሌላው እጇ ሸፍና ነበር።

«አባባ፣ መስተዋቱ ቀዝቃዛ ነው፤ መስመሩ ግን ሞቀኝ» አለችኝ።

ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ትሰካለች፣ ማካፈያውን ታበራለች፣ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ዳር ታኖረዋለች። መልእክቶቹን አትከፍትም፣ ፎቶዎቹን አታይም። እንደ ቧንቧ ነበር የምትጠቀምበት፤ ውሃውን ቀድቶ መሄድ ነው። እንደዚያ ይመስላት ነበር።

አንድ ሰሞን ትኩሳት ጣላት። ሾርባ ይዤላት ገብቼ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ቁልፍ ስልኳ ጮኸ። የባሏ እናት ናት። እናቲቱ ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ክፍል፣ ከማሽን ጩኸት በላይ እየጮኸች የኖረች ሴት ስለሆነች በቀስታ መናገር አታውቅም፤ እኔ ካለሁበት ቃሏ ሁሉ ይሰማል።

«ልጄን ምን አደረግሽው?»

«ምን አሉ እማዬ?»

«ሰሞኑን አይበራም! ጠዋት ባይ የለም፣ ከሰዓት ባይ የለም። ተጣላችሁ እንዴ?»

«ማነው የማይበራው?»

«ባልሽ ነዋ! ስንት ባል አለሽ?»

ጸሐፊዋ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ከእናቲቱ አፍ ወጣ። እናቲቱ ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ደግሞ እየነዳ ስልክ ማንሣት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ምልክት ተስማምተው ነበር። ስልኳ ላይ ከፎቶው አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ከበራች፣ «ደህና ነኝ እማዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ነው። የእሱ ስልክ መስመር ባገኘ ቁጥር ነጥቧ በራሷ እንድትበራ አድርጎ አስተካክሎላታል። ለሚስቱ አልነገራትም፤ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው። ታዲያ ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት እናቲቱ ስልኳን ብትከፍት፣ ነጥቧ በርታ አገኘቻት። በማግስቱም በርታለች። ለማንም ሳትናገር፣ የሚያስተዛዝናትን ሁሉ በልቧ እየሳቀችበት ስታያት ኖረች።

ጸሐፊዋ ከአልጋዋ ተነሣች። ልከለክላት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩ። ግድግዳውን ተደግፋ ሄደች፣ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ገመዱን ሰካች። ጥቂት ቆየን።

«እሰይ!» አለ ያ ትልቅ ድምፅ። «እሰይ የኔ ጌታ፣ በራ! ተኝተሽ ነው አይደል ያላስነሣሽው? ሰነፍ!» ስቃ ስልኩን ዘጋችው።

ጸሐፊዋ እንደቆመች ቀረች። «አባባ፣ እኔ ነኝኮ» አለች። «በየቀኑ የማበራው እኔ ነኝ።»

ለእናቲቱ ትነግራታለች ብዬ ነበር፤ አልነገረቻትም። እንዲያውም ሥራ በሌላት ቀን ጭምር ትሰካው ጀመር። ዘመድ መጠየቅ ተወች። ገበያ ከሄደች እየሮጠች ትመለሳለች። ገመዱ እሷንም ከጠረጴዛው ጋር አሰራት። ማለዳ ማለዳ በግድግዳው በኩል «ደህና አደርክ?» ስትል እሰማለሁ፤ ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን የጠረጴዛውን እግር ላስተካክልላት ገብቼ ሥሩ ተንበርክኬ ሳለሁ እንዲህ አለችኝ፦

«ስጽፍ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ጎንበስ ብሎ የምጽፈውን የሚያይ። ስልኩን ስነቅለው ይሄዳል።»

«አትፈሪም ታዲያ?»

«የምፈራውስ ስነቅለው ነው።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «ልጄ፣ ለእናቱ ንገሪያት። እንዲህ ያለ ነገር ሲውል ሲያድር ይከፋል።»

«ምን ብዬ አባባ? ልጃቸውን ሁለተኛ ልግደልባቸው?»

ነገሩን እናቲቱ ራሷ ወደ ቁርጡ አመጣችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለችና «ልሄድ ነው» አለች።

«ወዴት?»

«ልፈልገዋ! ወንዙ ወስዶ አንድ ቦታ ጥሎታል። ራሱን ስቶ ይሆናል፤ ስሙ ጠፍቶበት ይሆናል። ስልኩ ካለ እሱ አለ። ወንዙን ይዤ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ የሚነግረኝ ሰው አላጣም።»

«በዚህ እግርዎ እማዬ?»

«እግሬ ምን ሆነ? ይኸው፣ ሁለቱም አለ!»

እግሮቿ እንደ ትራስ ያበጡ፣ ጎረቤት ደጅ ለመድረስ እንኳ ምርኩዝ የምትይዝ ሴት ናት። ያም ወንዝ ጎልማሳ ያስቀረ ወንዝ ነው።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ማልዳ በሬን አንኳኳች። ላፕቶፑን ታቅፋለች። «አፈር ስሆን አብረውኝ ይሂዱ። ይህን ብቻዬን አልናገረውም።» ኮቴን ደረብኩና ወጣሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ ላፕቶፑን ከጭኗ አላወረደችም።

የእናቲቱ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። የልጇ አልጋ ተነጥፏል፤ የአንሶላው እጥፋት በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከበሩ አጠገብ የታሰረ ጓዝና የውሃ ጠርሙስ ተቀምጧል። እናቲቱ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከምራቷ ጋር ሲገባ አይታ ዐይኗን አጠበበች።

«ሽማግሌ ይዘሽብኝ መጣሽ? በልጄ ላይ ልታገቢ ነው?»

«አይደለም እማዬ። ላሳይዎ የመጣሁት ነገር አለ።»

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የተሰነጠቀውን ስልክ ስታወጣ እናቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይህ ከየት መጣ?»

«አደጋው ቦታ ሣር ላይ ነው የተገኘው። ከቀብሩ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ሥራ የምልከው በሱ ነው።» ገመዱን ሰካች። «አሁን ስልክዎን ይመልከቱ።»

በእናቲቱ ጉልበት ላይ ባለው ስልክ ልጇ በፎቶው ይስቃል። ነጥቧ በራች።

«አሁን ልነቅለው ነው» አለች ጸሐፊዋ፤ ነቀለችው።

የተሰነጠቀው ስልክ ጨለመ። ነጥቧ ግን አልጠፋችም። ገመዱ ከላፕቶፑ ጎን ተንጠልጥሏል፣ ስልኩ ሬሳ ነው፣ ነጥቧ ግን ከሚስቀው ፊት አጠገብ እንደበራች ናት። እናቲቱ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እስክሞት አልረሳውም።

«ይኸው! ነቅለሽውም አለ! አላልኩሽም?»

ጸሐፊዋ አፏ ተከፍቶ ቀረ። እውነት ለመናገር በዚያች አፍታ እኔም ከበሩ ውጭ አንድ ረጅም ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ከዚያ ነጥቧ ጠፋች።

«እንደገና» አለች እናቲቱ።

ተሰካ፤ በራች። ተነቀለ፤ እንደ ቅድሙ ጥቂት ዘግይታ ጠፋች።

«ወዲህ በይው፤ እኔ ልንቀለው።»

ስልኩን ሰክተን ከነገመዱ አቀረብንላት። በራች። እናቲቱ በአንድ እጇ ገመዱን ይዛ፣ የሌላውን እጇን ጣት በፎቶው ጉንጭ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ማንም አላስቸኮላትም። ከዚያ ሳበችው። ነጥቧ እስክትጠፋ ጠበቀች።

«አሁን ሞተ» አለች።

አለቀሰች፤ ያ ትልቅ ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። ጎረቤቶች ሰምተው ገቡ። ለገባው ሁሉ «ልጄ ሞተብኝ» ትላለች፤ ሰዎቹም የቀበሩት እነሱ ሆነው ሳሉ፣ ዛሬ እንደሰሙ ሁሉ ተቀምጠው አለቀሱላት። ከጎረቤቶቹ አንዷ የታሰረውን ጓዝ ሳትጠየቅ ፈታችው።

እዚያው አደርን። በነጋታው ልንወጣ ስንል እናቲቱ ምራቷን በእጅጌዋ ያዘቻት።

«ቤትሽ ስትገቢ ሰኪው።»

«እማዬ... ነጥቧን ከናካቴው ላጠፋት አስቤ ነበር።»

«ለምን? ማን እንደሚሰካው አሁን ዐውቄያለሁ። ስትበራ ጊዜ ተነሥታለች፣ ሥራ ላይ ናት እላለሁ። ሌላ ማን ቀረኝ?»

«በሱ ፊት ላይ ግን እማዬ? በየጠዋቱ?»

«ሹፌር አይደል?» አለች እናቲቱ። «ያድርስ።»

ስንመለስ ጸሐፊዋ በሯ ላይ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ቀን እኔ ሳልነሣ ብቀርስ? እሳቸው እዚያ ሆነው ሲጠብቁ?»

«ግቢ፣ ዕረፊ» አልኳት።

በማግስቱ ከወትሮዬ ቀድሜ ነቃሁ። በግድግዳው በኩል ተቀምጬ ጆሮዬን ጣልኩ። መንገድ የሚጠርግ ሰው ነበር፤ ከታች የሚስል ሰው ነበር። ከሷ ዘንድ ምንም የለም። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ፀሐይ ወለሉ ላይ መዘርጋት ስትጀምር ወንበሯ ሲሳብ ሰማሁ። ፊቴን ለመታጠብ የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው።