የተሻሻለው ላፕቶፓችን

ላፕቶፓችን «ልሻሻል» እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። መሻሻል የሚጠላ ማን አለ? እሺ አልኩት። እሱም ግማሽ መንገድ ተሻሽሎ ቀጥ አለ፤ የልጃችንን ፎቶዎች በሙሉ ሆዱ ውስጥ እንደያዘ። ባለቤቴ አኮረፈችኝ።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው «የጠፋ ሁሉ ይመለሳል» አለን፣ እንደ ሰባኪ። በማግስቱ ስንሄድ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሚያየው ትልቅ ስክሪን ላይ ከፈተልን። የልጃችን ፎቶ አንድም የለም። ቬሎ የለበሰች የማናውቃት ሙሽራ ፎቶ ግን በሽበሽ ነው።

«የሌላ ሰው ነው የከፈትከው» አልኩት።

«የእናንተው ነው። በፊት የተጠቀመበት ሰው ያጠፋው ነው ተመልሶ የመጣው።»

«በፊት የተጠቀመበት ሰው የለም። የባለቤቴ ወንድም ከነካርቶኑ ነው በስጦታ የሰጠን።»

ባለሙያው በትህትና ቀጣዩን ፎቶ ከፈተ። ሙሽራዋን ኬክ የሚያጎርሳት ባለ ሱፍ ራሱ የባለቤቴ ወንድም ነበር።

ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት «ሲያምሩ፤ ዘመዶቻችሁ ናቸው?» ብለው ጠየቁን።

ባለቤቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እማዬ እኮ ሚስት እየፈለገችለት ነው» አለች።