በክፍያ የተማርኩት ትምህርት

አባቴ ላሊበላ ውስጥ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከየአገሩ የሚመጡት ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ ይማራሉ፤ አባቴ ከአንዳቸውም ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መንግሥት አብልቶና አስተኝቶ በነፃ እንደሚያስተምረው ሲሰሙ፣ «ይሄስ እንደኛው ነው» አሉ። ደርግን ሲያመሰግኑ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ የቀን ትምህርት አልበቃም። ለክረምት የመጣው ወንድሜ፣ «አዲስ አበባ ማታ ማታ በክፍያ መማር ትችያለሽ» አለኝ።

«በክፍያ?» አሉ አባቴ። «ትምህርት እንደ ገብስ ገበያ ወጣ?»

«አባባ፣ እኔ ሕግ ፈልጌ ስታትስቲክስ መደቡኝ። ከፋዩ መንግሥት ስለሆነ መራጩም እሱ ነው። እሷ ከከፈለች የወደደችውን ትማራለች።»

«የሌለውስ?»

«የሌለው በነፃ ይማር። ያለው ግን ለምን አይከፍልም?»

«እኛስ ካለው ነን ከሌለው?» ብላ እናቴ ሳቀች።

ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩ። እኔ ሒሳብ አያያዝ መማር ፈልጌ ነበር፤ ግን አባቴን ላለማስከፋት ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ዓይናቸው ስለደከመ ትተውት የነበረውን የጽሕፈት ሥራ ጀምረው አገኘኋቸው። ብራናው ላይ አጎንብሰው መስመር ያሰምራሉ።

«መዝሙረ ዳዊት እንድጽፍለት ያዘዘኝ ሰው አለ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ላስተማርኩበት አልቀበልም። ለጻፍኩበት ግን እቀበላለሁ። ሂጂ፣ ተማሪ።»

እስከ ጋሸና በበቅሎ ሸኙኝና ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር አደራ ሰጡኝ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አርፌ፣ ቀን ታይፕ እየመታሁ ማታ ተማርኩ።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ዓይናቸውን ሊታዩ መጡ። ክፍላችንን ማየት ፈለጉ፤ መምህሩም ፈቅዶላቸው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከፊት ተቀመጡ። ከሥራ በቀጥታ የመጡ ብዙዎች ነበሩ፤ አንዱ ደብተሩ ላይ አንቀላፋ። ትምህርቱ ሲያልቅ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህሩ እራቱን በልቷል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ አባባ።»

ከአገልግላቸው እናቴ የሰነቀችላቸውን ዳቦ ቆሎ ዘግነው፣ «መምህር፣ ይቅመሱ» አሉት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ውጭ ሲጠብቀን የነበረው ወንድሜ፣ «እንዴት አዩት?» አላቸው።

«መምህሩ ደግ ነው። ያ ያንቀላፋው ልጅ ግን አንጀቴን በላው። ሠርቶ ደክሞ፣ ደግሞ ከፍሎ!»

እነሱ እየተከራከሩ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሄድን፤ እኔ መሀላቸው የሁለቱንም ክንድ ይዤ።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ዓይን ለብራና አልሆን አለ፤ ሥራ የያዘው ወንድሜ ከደመወዙ እየከፈለ አስጨረሰኝ። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ሁለቱ በክፍያው ነገር አልተስማሙም። እኔን ማን እንዳስተማረኝ እንግዳ ሲጠይቅ ግን አባቴ «ወንድሟ ነው» ይሉ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ «አባባ ናቸው እንጂ» ይል ነበር።